ደመወዝ በሌለው የፕሌስመንት ዓመት የኑሮ ወጪን እንዴት መሸፈን ይቻላል? ደረጃ በደረጃ

በየዓመቱ ከጥር እስከ ሰኔ፣ ፕሌስመንት (የትምህርት አካል የሆነ የሥራ ልምምድ) ካገኙ ተማሪዎች ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ፕሌስመንት አግኝቻለሁ፣ ግን አይከፍሉም። በምን ልኑር?» አንዳንዱ ገና ሊፈርም ሲል ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ ፈርሞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው የሚደውለው። ለሁለተኛው ልሰጠው የምችለው እርዳታ ሁሌም ያነሰ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫለሁ።

መመሪያው ኢንግላንድ ውስጥ ዲግሪ ለሚማሩና የትምህርታቸው አካል የሆነ የአንድ ዓመት ፕሌስመንት ያለ ደመወዝ ለሚሠሩ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው የተማሪ ብድር ሥርዓት ስላላቸው ስለ ብድር የጻፍኩትን እዚያ አትጠቀሙበት። በስቱደንት ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ደረጃ 3ን ዝለሉ፣ ደረጃ 6ን ግን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ያየኋቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ የተቸገሩት ገንዘብ ጨርሶ ስላልመጣ ሳይሆን ዘግይቶ ስለመጣ ነው። ሥራው ሐምሌ ላይ ይጀምራል፣ ብድሩ መስከረም መጨረሻ ላይ ይገባል። መሃል ላይ ያሉት ሦስት ወራት ናቸው ሰውን የሚጥሉት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህንን ክፍተት ከመፈረማችሁ በፊት አይቶ ለመድፈን ናቸው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የፕሌስመንቱ ደብዳቤ ወይም ውል። የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሳምንቱ ሰዓትና ክፍያ እንደሌለው የተጻፈበት መሆን አለበት።
- የስቱደንት ፋይናንስ (የተማሪ ብድር የሚሰጠው የመንግሥት አካል) አካውንታችሁ መግቢያ ቁጥርና የይለፍ ቃል።
- የወላጆቻችሁ የገቢ ማስረጃ፣ ብድራችሁ በቤተሰብ ገቢ የሚወሰን ከሆነ።
- ያለፉት ሦስት ወራት የባንክ ስቴትመንት፣ የሁሉም አካውንቶቻችሁ።
- ከዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ።
- ዜጋ ካልሆናችሁ፣ መሥራት እንደምትችሉ የሚያሳየው ሼር ኮድ።
- አንድ ደብተር፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ቀለል ያለ ስፕሬድሺት።

ደረጃ 1፦ ፕሌስመንቱ የኮርሱ አካል መሆኑን አረጋግጡ

ለዩኒቨርሲቲው የፕሌስመንት ቢሮ ኢሜይል ጻፉ። «ይህ ፕሌስመንት በኮርሴ ውስጥ ተመዝግቧል ወይ? ዓመቱን ሙሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኜ እቆጠራለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያዙት።

ይህን የምላችሁ በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሕጉ ነው። ተማሪ የዲግሪው አካል የሆነውን ልምምድ ከአንድ ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ሲሠራ አሠሪው ዝቅተኛውን ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ያለ ክፍያ ማሠራት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ልምምዱ የኮርሱ አካል ካልሆነና እናንተ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሰዓት ተመድቦላችሁ፣ ሥራ ተሰጥቷችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ደመወዝ ሊገባችሁ ይችላል። እንዲህ ከሆነ አካስ የሚባለው ተቋም በነጻ ያማክራችኋል።

ሁለተኛው፣ ከታች ያሉት ብድር፣ የካውንስል ታክስ (ለአካባቢ አስተዳደር የሚከፈል የቤት ግብር) ነጻነትና የተማሪ ቅናሽ ሁሉ በተማሪነታችሁ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ያ ደብዳቤ ከሌለ አንዱም በር አይከፈትም።

ደረጃ 2፦ የክፍተቱን መጠን በቁጥር አውጡ

«በወር ስንት ይበቃኛል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «የመጀመሪያው ገንዘብ እስኪገባ ስንት ያስፈልገኛል?» የሚለውንም መልሱ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከለንደን ውጭ፣ የክፍል ኪራይ ከመብራትና ውሃ ጋር 600 ፓውንድ፣ ምግብ 170፣ መጓጓዣ 130፣ ስልክ 15፣ ልዩ ልዩ 60 ቢሆን በወር 975 ፓውንድ ይሆናል። ሥራው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጀምሮ ብድሩ መስከረም መጨረሻ ላይ ቢገባ፣ ሦስት ወር ማለት 2,925 ፓውንድ ነው። በዚህ ላይ የቤት መያዣ አለ። ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ሳምንት ኪራይ በላይ መያዣ መጠየቅ ይከለክላል። አምስት ሳምንት በዚህ ኪራይ 692 ፓውንድ ገደማ ነው። ድምሩ 3,617 ፓውንድ።

ይህ ቁጥር ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ሊኖር ወይም ከየት እንደሚመጣ በእርግጠኝነት ልታውቁት የሚገባው መጠን እሱ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ልጆች የሚረሱት አንድ መስመር አለ፤ ወደ አገር ቤት የምትልኩት ገንዘብ። በየወሩ ለእናታችሁ 50 ፓውንድ የምትልኩ ከሆነ ወጪ ነውና ጻፉት። ካልቻላችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው ወር በፊት ደውሉና «ዘንድሮ ደመወዝ የለኝም፣ ለበዓል ብቻ ነው የምልከው» በሉ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ቤተሰብ የሚከፋው ቀድሞ ሲነገረው ሳይሆን ገንዘቡ ድንገት ሲቀርበት ነው።

ደረጃ 3፦ የስቱደንት ፋይናንስ ማመልከቻ

ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሀ) የትምህርት ክፍያ። በፕሌስመንት ዓመት ዩኒቨርሲቲው ማስከፈል የሚችለው ከሙሉው ክፍያ 20 በመቶ ገደማ ድረስ ነው። በ2025/26 የትምህርት ዘመን ሙሉው 9,535 ፓውንድ ሲሆን የፕሌስመንት ዓመት ጣሪያው 1,905 ፓውንድ ነበር። ከዚያ በታች የሚያስከፍሉም አሉ። ይህ በትምህርት ክፍያ ብድር ይሸፈናል፣ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ስለሚከፈልም እጃችሁ ላይ አይገባም።

ለ) የኑሮ ብድር። ሜንቴናንስ ሎን የሚባለው ነው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፕሌስመንቱ ደመወዝ ስለሌለው ብቻ ሙሉ ብድር አይሰጣችሁም። የዓመት ፕሌስመንት ላይ ያለ ተማሪ በመደበኛው የሚያገኘው የተቀነሰውን ብድር ነው። ይህ በቤተሰብ ገቢ አይወሰንም፣ ለሁሉም ቁርጥ ነው፣ ከሙሉው ግን እጅግ ያነሰ ነው።

ሙሉ ብድር የመጠየቅ መብት የሚሰጡ ሁኔታዎች አሉ። ያለ ክፍያ የምትሠሩት ከሚከተሉት በአንዱ ከሆነ ጠይቁ፦

- ሆስፒታል ወይም ሌላ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ውስጥ
- በአካባቢ አስተዳደር ስር፣ ከሕፃናት እንክብካቤ፣ ከጤና ወይም ከማኅበራዊ ደኅንነት ጋር የተያያዘ ሥራ
- በማረሚያ ቤት ወይም ፕሮቤሽን በሚባለው የቅጣት ክትትል አገልግሎት ውስጥ
- ዩናይትድ ኪንግደም ባለ ተቋም ውስጥ የምርምር ሥራ

ከዚህ ሌላ፣ በዚያው የትምህርት ዓመት ውስጥ በድምሩ 10 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ትምህርት ካላችሁ ሙሉው ብድር ይመለከታችኋል። የግል ድርጅት፣ የፋሽን ቤት፣ ሚዲያ፣ አነስተኛ ስታርትአፕ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ሒሳባችሁን በተቀነሰው ብድር ሥሩ። ስታመለክቱ አካውንታችሁ ላይ የሚታየውን ቁጥር ጠብቁ እንጂ ጓደኛችሁ አምና ያገኘውን አትመኑ።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ያህል፦ በ2025/26 ከወላጅ ቤት ውጭ፣ ከለንደን ውጭ ለሚኖር ተማሪ ሙሉው ብድር እስከ 10,544 ፓውንድ ነበር። ለንደን ውስጥ እስከ 13,762፣ ከወላጆቹ ጋር ለሚኖር እስከ 8,877። ጣሪያውን የሚያገኙት የቤተሰብ ገቢያቸው 25,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች የሆኑ ናቸው። 10,544ን ለ12 ስናካፍል በወር 878 ፓውንድ ይመጣል። ከላይ ካሰብነው 975 የሚጎድለው 97 ብቻ ነው። ስለዚህ መብቱ ያለው ሰው ሳይጠይቅ ሲቀር በጣም ያሳዝነኛል።

ሐ) እንዴት ታመለክታላችሁ።

1. እንደማንኛውም ዓመት አዲስ ማመልከቻ አስገቡ። ያለፈው ዓመት በራሱ አይቀጥልም።
2. ፕሌስመንት ላይ እንደምትሆኑና ክፍያ እንደሌለው በትክክል ሙሉ። ቦታውን ያገኛችሁት ካመለከታችሁ በኋላ ከሆነ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ መረጃውን ቀይሩ።
3. የዩኒቨርሲቲውን የተማሪ ፋይናንስ ክፍል አግኙና የፕሌስመንታችሁን ዓይነት በትክክል ለስቱደንት ፋይናንስ እንዲያሳውቅ ጠይቁ። እናንተ የጻፋችሁትና ዩኒቨርሲቲው ያለው ካልተጣጣመ ክፍያው ይቆማል።
4. የወላጆቻችሁ ገቢ ብድሩ ከሚሰላበት ዓመት ወዲህ በ15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከወደቀ፣ በአሁኑ ገቢ እንዲሰላላችሁ ጠይቁ።
5. መስከረም ላይ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ገብታችሁ ተመዝገቡ።

አምስተኛውን አትለፉት። አንዲት የማውቃት ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ሥራዋን ጀምራ፣ «ካምፓስ አልሄድም፣ ምን ያስመዘግበኛል» ብላ ተወችው። ዩኒቨርሲቲው ተመዝግባለች ብሎ ስላላረጋገጠ ብድሩ ተያዘ። ነገሩ የገባት ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ የባቡር ካርዷ ሲያልቅ ነው። ምዝገባው ስልኳ ላይ አሥር ደቂቃ ወሰደ፣ ገንዘቡ ግን ከዚያ በኋላም ቀናት ፈጅቶ ነው የገባው።

ዘግይታችሁ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። የትምህርት ዓመቱ ከጀመረ በኋላ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ ማመልከት ይቻላል።

ደረጃ 4፦ ከመፈረማችሁ በፊት አሠሪውን ጠይቁ

እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘናል። «ቦታውን ስለሰጡኝ አመስግኜ ገንዘብ ልጠይቅ?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። የምትጠይቁት ግን ደመወዝ ሳይሆን የወጪ ተመላሽ ነው። ድርጅቶች ለደመወዝ በጀት ባይኖራቸውም ለመጓጓዣና ለምሳ ብዙ ጊዜ አላቸው። ካልጠየቃችሁ ማንም አያነሳላችሁም።

በእንግሊዝኛ ስትጽፉት ሐሳቡ ይህን ይምሰል፦

«ስለ ዕድሉ በጣም አመሰግናለሁ፣ ለመጀመርም ጓጉቻለሁ። ከመፈረሜ በፊት ሦስት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። የመጓጓዣና የምሳ ወጪ በደረሰኝ ይመለሳል? ሥራውን በሳምንት በአራት ቀን፣ ወይም የተወሰነውን ከቤት ሆኜ መሥራት እችላለሁ? ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሥራ ብሠራ የሚከለክል ነገር አለ?»

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ቀን ከተለቀቀላችሁ በዚያ ቀን ተከፍሏችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ የአንድ ቀን የባቡር ዋጋም ይተርፋችኋል። ከአሠሪው ጋር ከመስማማታችሁ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ሰዓትና የሳምንት ብዛት አረጋግጡ። ከዚያ በታች ከወረደ ዓመቱ ላይቆጠርላችሁ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ። የወጪ ተመላሹ በደረሰኝ፣ ባወጣችሁት ልክ ይሁን። «በወር 300 ፓውንድ እንሰጥሃለን» ከተባላችሁ ያ ክፍያ ነው። ሙሉ ብድር የተፈቀደላችሁ ያለ ክፍያ ስለምትሠሩ ከሆነ፣ ይህ መብታችሁን ሊለውጥ ስለሚችል ከመቀበላችሁ በፊት ስቱደንት ፋይናንስን ጠይቁ። በትርፍ የተከፈለ ብድር ተመልሶ ይጠየቃል።

ደረጃ 5፦ ቤትና ካውንስል ታክስ

ገቢ ለሌለው ሰው አከራይ ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፣ ያውም እዚሁ አገር የሚሠራ ሰው። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ቤት ከማየታችሁ በፊት አነጋግሩ። አጎት ወይም የቤተሰብ ወዳጅ ሲፈርም ኪራዩን ባትከፍሉ እሱ እንደሚከፍል በግልጽ ንገሩት።

ከጓደኞቻችሁ ጋር በአንድ ውል የፈረማችሁበት ቤት ካለ ደግሞ ውሉን አንብቡ። ሁላችሁም በጋራ ተጠያቂ ከሆናችሁ፣ ለፕሌስመንት ሌላ ከተማ ብትሄዱም ኪራዩ ይከተላችኋል። ከ2026 ሜይ 1 ጀምሮ ከግል አከራይ የተከራያችሁትን ቤት በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል። ለተማሪ ተብለው የተሠሩ ትልልቅ ማደሪያዎች ግን በዚህ ስለማይገዙ የእነሱን ውል ለብቻ እዩ።

በሐበሻ ቤት ክፍል ስትከራዩም፣ የቤተሰብ ወዳጅ ቢሆን እንኳ፣ ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፣ ስምምነቱንም ቢያንስ በቴክስት ያዙ። በእጅ የተከፈለ ኪራይ ደረጃ 7 ላይ ማስረጃ አይሆናችሁም።

ካውንስል ታክስ። ፕሌስመንቱ የሙሉ ጊዜ ኮርሳችሁ አካል እስከሆነ ድረስ በዚያ ዓመትም ተማሪ ናችሁ። በቤቱ የሚኖሩት በሙሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ከሆኑ ታክሱ አይከፈልም። ተማሪ ያልሆነ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ካለ የቤቱ ሒሳብ በ25 በመቶ ይቀንሳል። አዲስ ከተማ ስትገቡ ግን ካውንስሉ ይህን አያውቅም። ደብዳቤው በስማችሁ ይመጣል፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። በገባችሁ ሳምንት የተማሪነት ማረጋገጫችሁን በካውንስሉ ድረ ገጽ ላኩ።

ደረጃ 6፦ የጎን ሥራ፣ በልኩ

ከ2026 ኤፕሪል ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 21 ዓመት ለሞላቸው 12.71 ፓውንድ፣ ከ18 እስከ 20 ለሆኑ 10.85 ነው። አንድ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ብትሠሩ 101 ፓውንድ ከ68 ሳንቲም ይመጣል። በወር አራት ቅዳሜ 406 ፓውንድ ገደማ። ከላይ ያየነውን የ97 ፓውንድ ጉድለት አንድ ቅዳሜ ይሸፍነዋል። በተቀነሰው ብድር ላይ ላለ ተማሪ ግን አራቱም ቅዳሜ ላይበቃ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ትልቁ ሥራ መሠራት ያለበት ከፕሌስመንቱ በፊት ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያላችሁ፣ በተለይ በገና ሰሞንና በፋሲካ እረፍት።

ቅዳሜንም እሑድንም አትሙሉ። ሰኞ እንቅልፍ እየጣለው የሚመጣ ተለማማጅ የዓመቱን ዋና ጥቅም፣ ጥሩ የምስክር ደብዳቤን፣ ያጣል። ከሁለቱ አንዱን ቀን ለእረፍት ተዉት።

ስለ ግብር አትጨነቁ። በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ የገቢ ግብር የለም። ሥራ ስትጀምሩ የሚሰጣችሁን ቅጽ በትክክል ሙሉ፤ «ይህ ብቸኛ ሥራዬ ነው» የሚለውን ካላመለከታችሁ ግብር ሊቆረጥባችሁ ይችላል። ከተቆረጠም ይመለሳል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል።

*በስቱደንት ቪዛ ላላችሁ።* ዲግሪ የሚማር ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። የኮርሱ አካል የሆነው ፕሌስመንት ከዚህ 20 ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም፣ ለብቻው ነው። ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ይቆጠራል። አንድ ሳምንት 24፣ ሌላው 16 ሠርቶ «በአማካይ 20 ነው» ማለት አይቻልም፤ 24 የሠራችሁበት ሳምንት ጥሰት ነው። ቪዛችሁ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከ20 ያነሰ ከሆነ ያንን ተከተሉ። በጋ ላይ ነጻ ነኝ ብላችሁም አታስቡ። በፕሌስመንት ዓመት የእረፍት ጊዜ ስለሚለያይ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ በስቱደንት ቪዛ በግል ሥራ መተዳደር ክልክል ነው። የምግብ ማድረሻ አፕ ላይ በሳይክል ወይም በሞተር መሥራት በአብዛኛው እንደ ግል ሥራ ይቆጠራል። የሌላ ሰው አካውንት ተከራይቶ መሥራት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። «ሁሉም ይሠራል» የሚላችሁ ሰው ቪዛችሁ ሲሰረዝ አብሯችሁ አይቆምም።

ደረጃ 7፦ የማይመለስ ገንዘብ ፈልጉ

ከሁሉ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ሃርድሺፕ ፈንድ፣ ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጠውን የእርዳታ ገንዘብ፣ ሞክሩ። የፕሌስመንት ተማሪዎች «እኛን አይመለከትም» ብለው ይተዉታል። ተመዝግባችሁ እስካላችሁ ድረስ ጠይቁ። ከውጭ የመጡ ተማሪዎችን የሚቀበሉም አሉ።

ፈንዱ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገባችሁን ብድር ሙሉ በሙሉ እንድትወስዱ ይጠይቃል። ከዚያ የባንክ ስቴትመንታችሁን መስመር በመስመር ያያሉ። እዚህ ላይ የእኛን ልጆች የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ዕቁብ። በየሳምንቱ ለአንድ ግለሰብ 50 ፓውንድ ሲላክ ለሚያየው ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ ወጪ ነው። ዕጣው ሲወጣ የሚገባው ትልቅ ገንዘብ ደግሞ የተደበቀ ገቢ ይመስላል። ከማመልከቻው ጋር አጭር ማብራሪያ አያይዙ። አባላት በየሳምንቱ እኩል የሚያዋጡበት የቁጠባ ማኅበር እንደሆነ፣ ስንት ሳምንት እንደቀረ፣ ዕጣችሁ መቼ እንደወጣ ጻፉ። ጥያቄ ሳይመጣ ቀድማችሁ ስታስረዱ ፋይሉ አይጓተትም።

ዕቁብን ካነሳን፦ ዕጣችሁ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ቢወጣ የደረጃ 2ን ክፍተት ይደፍናል። ከሰብሳቢው ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ተራ የሚቀያየር ሰው ፈልጉ። ግን ዕጣውን ቀድሞ የበላ ሰው እስከ መጨረሻው ሳምንት ይከፍላል። ያንን ክፍያ በወር ወጪያችሁ ውስጥ ካልጻፋችሁት ችግሩን ወደ ፊት ገፋችሁት እንጂ አልፈታችሁትም።

ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪና ፊዚዮቴራፒን የመሰሉ የጤና ትምህርቶች የምትማሩ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ለርኒንግ ሰፖርት ፈንድን እዩ። ለሚያሟሉ በዓመት 5,000 ፓውንድ ይሰጣል፣ አይመለስም። ለልምምድ ስትሄዱ ከወትሮው በላይ የምታወጡትን መጓጓዣና ተጨማሪ ማደሪያም የሚመልስ ክፍል አለው። የባቡርና የአውቶቡስ ደረሰኞቻችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፎቶ እያነሳችሁ አስቀምጡ።

ሌላው ተርን ቱ አስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድረ ገጹ ላይ ለእናንተ ሁኔታ የሚስማሙ የእርዳታ ፈንዶችን መፈለጊያ አለ።

ደረጃ 8፦ ወጪ መቀነሻዎች

መጓጓዣ። ከ16 እስከ 25 ዓመት ለሆኑ፣ ከዚያ በላይ ዕድሜ ላላቸው የሙሉ ጊዜ ተማሪዎችም፣ የሚሰጠው የባቡር ካርድ ከዋጋው ሲሶውን ይቀንሳል። ግን ሁለት ነገር እወቁ። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በእንግሊዝ አቆጣጠር ከ10፣ በፊት ስትጓዙ ቅናሹ ከተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ በታች አይወርድም፣ ከሐምሌና ነሐሴ በስተቀር። ሁለተኛ፣ በሳምንታዊና ወርኃዊ ትኬት ላይ አይሠራም። ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን የምትሄዱ ወርኃዊውን፣ ሁለት ሦስት ቀን የምትሄዱ ፍሌክሲ የሚባለውን፣ በ28 ቀን ውስጥ ስምንት ቀን የሚያስኬደውን፣ ከካርዱ ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ለንደን ውስጥ የ18 ዓመትና በላይ የተማሪ ኦይስተር (የለንደን መጓጓዣ ካርድ) በትራቭልካርድና በአውቶቡስ ፓስ ላይ 30 በመቶ ይቀንሳል።

ሕክምና። ኤችሲ 1 የሚባለውን ቅጽ ሙሉ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ለመድኃኒት፣ ለጥርስና ለመነጽር የምትከፍሉትን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍናል። ብድራችሁ ሳይቀር ታይቶ ነው የሚሰላው፣ ስለዚህ «ምናልባት አይመለከተኝም» አትበሉ፣ አመልክቱ።

ባንክ። የተማሪ አካውንታችሁ ላይ ያለው ወለድ የሌለው ኦቨርድራፍት (ካላችሁ ገንዘብ በላይ እንድታወጡ ባንኩ የሚፈቅደው) ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ለሦስት ዓመት ኮርስ ነው። ትምህርታችሁ በፕሌስመንቱ ምክንያት አራት ዓመት እንደሆነና መቼ እንደምትመረቁ ለባንኩ ንገሩ። ካልነገራችሁ አካውንቱ ወደ ተመራቂ ሊቀየርና ገደቡ በማይመቻችሁ ጊዜ ሊቀንስ ይችላል።

ደረጃ 9፦ ገንዘቡን በወር ቁረጡት

ብድሩ በሦስት ጊዜ ነው የሚገባው፤ በየተርሙ መጀመሪያ፣ በግምት መስከረም መጨረሻ፣ ጥር እና ሚያዝያ። የመጨረሻው እስከሚቀጥለው መስከረም ድረስ ሊያደርሳችሁ ነው። የመስከረሙ ሦስት ወር ይሸፍናል፣ የሚያዝያው ግን አምስት።

ስለዚህ ሁለት አካውንት ይኑራችሁ። ብድሩ በገባበት ቀን ሙሉውን ወደ ሁለተኛው አዛውሩ፣ ከዚያ በየወሩ 1ኛው ቀን የወሩን ድርሻ ብቻ ወደ መጀመሪያው እንዲመልስ አውቶማቲክ ትእዛዝ ስጡ። ከመስከረሙና ከጥሩ ክፍያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለበጋው ይቀመጥ። ሒሳቡን 3,500 ፓውንድ ሲገባ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በ12 አካፍላችሁ እዩት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ከፍተኛ ወለድ ያለው አጭር ብድር ወይም ክሬዲት ካርድ ወስዶ የሐምሌን ኪራይ መክፈል። የተማሪ ብድር የሚከፈለው ገቢ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው። ከ2023 ነሐሴ ወዲህ ለጀመሩ፣ ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካለው ላይ 9 በመቶ። ክሬዲት ካርድ ግን ገቢ ኖራችሁም አልኖራችሁም በሚቀጥለው ወር ይጠይቃችኋል።
- ሥራው የሚጀምርበትን ቀን ሳይጠይቁ መቀበል። «ሐምሌ 1 ሳይሆን መስከረም 1 ልጀምር?» የሚል አንድ ኢሜይል የሁለት ወር ወጪ ሊያድን ይችላል፣ ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው የሳምንት ብዛት እስከሞላ ድረስ።
- ችግሩን ለማንም ሳይናገሩ እስከ ኅዳር መቆየት። የሃርድሺፕ ፈንድ ውሳኔ ሳምንታት ይወስዳል። ገንዘቡ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀር አመልክቱ እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም።
- የመጨረሻውን ዓመት ማመልከቻ መርሳት። ፕሌስመንት ላይ ሆናችሁ ካምፓስ ስለማትሄዱ የሚያስታውሳችሁ የለም። ወደ ክፍል ስትመለሱ የኑሮ ብድሩ ወደ መደበኛው ይመለሳል፣ ግን የሚመለሰው ካመለከታችሁ ብቻ ነው። ማመልከቻው በጸደይ ሲከፈት፣ ገና ሥራ ላይ እያላችሁ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ጨርሱት።